ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አስታማሚዎች የተጻፈ መመሪያ

ልጄ አምስት ዓመቷ ላይ ጠዋት ጠዋት ዓይኗ አብጦ መነሣት ጀመረች። መጀመሪያ ያሳየናት ሐኪም ቤት የዓይን አለርጂ ነው ብሎ ቅባት ሰጠን፤ አሥራ ሁለት ቀን ቀባናት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጫማዋ አልገባ አለ፣ ሆዷም ተነፋ። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ሽንቷን መረመሩና ወዲያው ሪፈር ጽፈው ወደ ደሴ ላኩን። በሽታው ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ይባላል። ጤናማ ኩላሊት ፕሮቲንን ያስቀራል፤ የእሷ ግን በሽንት ያፈስሰዋል፣ በደም ውስጥ ፕሮቲን ሲያንስ ደግሞ ውኃው ከደም ሥር እየወጣ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል።

23 ቀን ተኛን። "ተኛን" ያልሁት አውቄ ነው፤ ልጅ ሲተኛ ቤተሰቡም አብሮ ነው የሚተኛው። ከዚህ በታች ያለው ዛሬ እንደገና ቢሆንብኝ የማደርገው ነው። ስለ ጨውና ስለ ሽንት ልኬት የጻፍሁት ኩላሊቱን ለታመመ ልጅ ሲሆን፣ ስለ ወረቀት፣ ስለ ደብተርና ስለ ጠያቂ ያለው ግን በሽታው ምንም ይሁን ምን ይሠራል።

1. ከቤት ከመውጣትዎ በፊት

ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ወይም ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ ይህን ክፍል አያንብቡ። ተሸክመውት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ወረቀቱን ሌላ ሰው ያመጣዋል።

ጊዜ ካለ ግን ወረቀት ይሰብስቡ፦ የሪፈር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ እስካሁን የተሰጠው መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ፣ የጤና መድን መታወቂያ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ደቡብ ወሎ ያለው ተሁለደሬ ነበር። ሆኖም መታወቂያው ቤት ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃም። በየዓመቱ መታደስ አለበት፣ የታመመው ልጅ ስምም በላዩ ላይ መኖር አለበት። ከተመዘገባችሁ በኋላ የተወለደ ልጅ ካለ ዛሬውኑ ሄደው ያስጨምሩ። መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በቅብብሎሽ ለሚመጣ ታካሚ ነው፤ ድንገተኛ ሳይሆን ቅብብሎሹን ዘልለው ቢመጡ ከኪስዎ ይከፍላሉ።

ወረቀቱን ሁሉ በስልክ ፎቶ ያንሡት፣ ዋናውን በአንድ ክላሴር ያስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ የልጄን የሕክምና ታሪክ የካርድ ክፍል መደርደሪያ ብቻ እንዲጠብቅልኝ አልፈልግም።

ስለ ልብስ። ከኮምቦልቻ የሚመጣ ሰው በኮምቦልቻ ልብስ ይመጣል። የሐረጎን ዳገት ከወጡ በኋላ አየሩ ሌላ ነው፤ ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የሌሊት ብርድ ደግሞ ወለል ላይ የተነጠፈ ካርቶን አይከለክለውም። እኔ የመጀመሪያውን ሌሊት በሸሚዝ አሳለፍሁ። ጋቢ፣ ካልሲ፣ የሚነጠፍ ፍራሽ ወይም ማዳበሪያ፣ ፔርሙዝ፣ ፖፖ፣ ሳሙና፣ የስልክ ቻርጀር፣ ሁለት ኩባያ፣ አንድ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ይያዙ። ሁለት ያልሁት አንዱን ተውሶ የሚወስድብዎ ሰው ስለማይጠፋ ነው። ያበጠ ልጅ ልብሱ ሰፊና ላስቲክ የሌለው ይሁን፤ የተወጠረ ቆዳ በቀላሉ ይላጣል።

2. ሥራውን ለሦስት ሰው ያካፍሉ

አንዱ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፤ አስታማሚው እሱ ነው። ሁለተኛው ይሮጣል፦ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት፣ ካሸር፣ ፎቶ ኮፒ። ሦስተኛው ስልክ ይመልሳል፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ያያል። አንድ ሰው ሦስቱንም ልሥራ ካለ በአራተኛው ቀን ሐኪሙ የነገረውን ሰምቶ ምን እንደተባለ መድገም ያቅተዋል። ይህን የማውቀው ስለደረሰብኝ ነው።

ባለቤቴ የሚጠባ ሕፃን ስለነበራት ቀን ቀን አስታማሚው እኔ ሆንሁ። የሕፃናት ክፍል የእናቶች ቤት ነው፤ ነርሶቹ "የሰባት ቁጥር አባት!" እያሉ ሲጠሩኝ ሌሎቹ እናቶች ፈገግ ይሉ ነበር። ሌሊት ወንድ አስታማሚ ስለማይፈቀድ ከምሽቱ 12 ሰዓት እኅቴ ትረከበኛለች፣ ጠዋት 12 ሰዓት እኔ እረከባታለሁ። አልፎ አልፎ እናቴ ትተካናለች። ርክክቡ ነው ደብተሩን የወለደው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በቃል ስንነጋገር ቆየንና በሦስተኛው ቀን እኅቴ "የሌሊቱን መድኃኒት ወስዳለች ያልኸኝ የትኛውን ነው?" ብትለኝ መልስ አጣሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። አስታማሚው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ስድስት ሰዓት በተከታታይ ይተኛ፤ ከግቢው ወጥቶ፣ ስልኩን ለሌላው ሰጥቶ። ደሴ ዘመድ ከሌለዎት ከሆስፒታሉ አቅራቢያ ለአስታማሚ በቀን የሚከራይ ክፍል አይጠፋም፤ የቆዩ አስታማሚዎችን ይጠይቁ፣ ከደላላ ይልቅ የእነሱ መረጃ ይታመናል።

3. ደብተሩ

ገጹን በአምስት ይክፈሉት፦ ሰዓት፣ መድኃኒት፣ የጠጣችው፣ የሸናችው፣ ሌላ። "ሌላ" የሚለው ውስጥ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የጠዋት ክብደት ይገባል። ክብደት የሚመዘነው ጠዋት፣ ከሸናች በኋላ፣ ሳትበላ፣ በአንድ ዓይነት ቀላል ልብስ፣ በዚያው በአንዱ ሚዛን ነው። ሚዛን ከተቀየረ ቁጥሩ ይዋሻል።

ሽንት ለመለካት ዕቃ መግዛት የለብዎትም። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ አናቱን ቆርጠው ይጣሉ። ነርሷን የ20 ሚሊ ሊትር አዲስ ሲሪንጅ ያለ መርፌ ይለምኑ። አምስት ጊዜ ውኃ ይሳቡና ወደ ፕላስቲኩ ያፍሱ፤ ውኃው የደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ መስመር ያስምሩ፣ እሱ 100 ነው። እንደገና አምስት ጊዜ፣ 200። እስከ 500 ድረስ ይቀጥሉ፣ ከዚያ መስመሩ በውኃ እንዳይለቅ በላዩ ላይ ፕላስተር ይለጥፉ። ልጅቷ በፖፖ ትሸናለች፣ እርስዎ ወደ ፕላስቲኩ ገልብጠው ያነብባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይደፋሉ፣ እጅዎን ይታጠባሉ። ምን ያህል መሽናት እንዳለባት ከሐኪሙ ይጠይቁና ቁጥሩን በገጹ ራስ ላይ ይጻፉ።

እናቴ መጻፍ አትችልም። በእሷ ተራ መቶ በሞላ ቁጥር አንድ ባቄላ በቡና ቆርቆሮ ውስጥ ትጥል ነበር፤ ጠዋት ስመጣ ቆርቆሮውን ገልብጬ ቆጥሬ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ተለማማጅ ሐኪሙ "የሌሊቱ ሽንት ስንት ነው?" ሲል እናቴ ኮስተር ብላ "ሦስት ባቄላ" አለችው። 300 ብሎ ጻፈ።

አሁን ስለ ሰዓት። እባክዎ ይህን ሁለት ጊዜ ያንብቡት። እኛ በሐበሻ ሰዓት እንኖራለን፤ በሆስፒታሉ የመድኃኒት ቻርት ላይ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ነው። ቻርቱ ላይ 8 የሚል ካዩ ለእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው እንጂ ከቀኑ 8 አይደለም። 14 የሚል ካዩ እሱ ነው የእኛ ከቀኑ 8። "በቀን ሦስት ጊዜ" ማለት ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ማለት አይደለም፤ በየ8 ሰዓቱ ነው። ጠዋት 12 ላይ ከተጀመረ ቀጣዩ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሦስተኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። ነርሷ ስትነግርዎ "በሐበሻ ስንት ሰዓት ነው፣ ሲስተር?" ብለው ጠይቀው በራስዎ እጅ ይጻፉ። ቀኑም እንዲሁ ያሳስታል። የቀጠሮ ካርድ ላይ 12/3 ተብሎ ቢጻፍ ኅዳር 12 ብለው ያነብቡት ይሆናል፤ በፈረንጅ ከሆነ መጋቢት 3 ማለት ነው። ካርዱን ሳይቀበሉ ይጠይቁ።

4. ሐኪሙን መጠየቅ

ሐኪሞቹ ጠዋት በቡድን እየዞሩ ያያሉ፤ ራውንድ ይሉታል። ዋናው ሐኪም ከፊት፣ ሬዚደንቶችና ኢንተርኖች የሚባሉት በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች ከኋላ። በዚያ ሰዓት አስታማሚ ውጡ ሊባል ይችላል። ቢባልም ደጃፉ ላይ ይቁሙ፣ ሲጨርሱ የልጅዎን አልጋ የያዘውን ሐኪም ለይተው ያነጋግሩ። የእኔ ጥያቄዎች አራት ነበሩ፤ ሌሊት በደብተሩ የጀርባ ገጽ ላይ እጽፋቸዋለሁ፦ ከትናንት ዛሬ ምን ተለወጠ? ዛሬ ምን ይደረግላታል? ምን ባይ ነው ወዲያው ልጠራችሁ የሚገባኝ? ከእኛ የሚጠበቅ ምን አለ?

ያልገባዎትን "ገብቶኛል" አይበሉ። "ዶክተር፣ በአማርኛ ያስረዱኝ" ማለት ነውር የለበትም፤ ከዚያም የገባዎትን በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሩት፣ ከተሳሳቱ ያርምዎታል። ፊርማ ሲጠየቁ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚደረግ፣ ባይደረግ ምን እንደሚከተል ይጠይቁና ይፈርሙ። የልጁን ታሪክ አራት የተለያዩ ሐኪሞች አራት ጊዜ ሊጠይቁዎት ይችላሉ። ያበሳጫል። ግን በአራተኛው ጊዜ ነው እኔ የረሳሁት የጉሮሮ ሕመም ትዝ ያለኝ።

ከቤት የሰጡት ነገር ካለ አይደብቁ። ዳማከሴም ይሁን ኮሶ፣ ከጎረቤት የመጣ ሥርም ይሁን፣ "ይቆጡኛል" ብለው ዝም አይበሉ። ለታመመ ኩላሊት አንዳንዱ መርዝ ነው፤ ሐኪሙ ካላወቀ የባህል መድኃኒቱን ጥፋት ከበሽታው ጥፋት መለየት አይችልም።

ደም ካስፈለገ ደም አይገዛም። ደሴ የደም ባንክ አለ፤ ሆስፒታሉ የሚጠይቀው ከዚያ ነው። ገንዘብ ስጡኝና ደም ላምጣ የሚል ሰው ግቢው ውስጥ ካገኙ ይራቁት። የጠያቂዎን ብዛት ለቁም ነገር ማዋል ከፈለጉ ግን ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 የሆነና ከ45 ኪሎ የማያንሱ ጤነኞችን ወደ ደም ባንኩ ይላኩ፤ አንድ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። የሰጡት ደም ለልጅዎ ላይደርስ ይችላል፣ ለሌላው ልጅ ይደርሳል።

5. ጨው

ሐኪሙ "ጨው አታብሉ" ይላል፣ ቤተሰቡ "እሺ" ይላል፣ ሁሉም የተግባባ ይመስለዋል።

በአሥራ አንደኛው ቀን እብጠቷ እየጎደለ ክብደቷ ከ19.4 ወደ 17.6 ወርዶ ነበር። እናቴ ከኮምቦልቻ ሽሮ ሠርታ አመጣች፤ ልጅቷም ሆስፒታል ከገባች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት የበላችበት ቀን አልነበረም። በማግስቱም በላች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚዛኑ 18.3 አለ፣ ዓይኗም ዳግም ተዘጋ። ሐኪሙ ደብተሩን እያገላበጠ "ምን በላች?" አለ። እናቴ "በአላህ፣ ጨው ጠብ አላደረግሁበትም!" ብላ ማለች። እውነቷን ነው። ወጡ ላይ አላደረገችም። ጨው ያለው ግን ዱቄቱ ውስጥ ነው። ሽሮው ሲዘጋጅ ከነቅመሙና ከነጨው ተፈጭቶ ተቀምጧል፤ በርበሬውም እንዲሁ። እሷ ሠላሳ ዓመት የፈጨችው ስለሆነ ጨው መሆኑን ረስታዋለች፣ ቅመም ነው የሆነባት።

ስለዚህ የታመመው ልጅ ዱቄት ለብቻው ይዘጋጃል። ለአንድ ልጅ ግማሽ ኪሎ ሽንብራ ወይም አተር ክክ ይበቃል። ቆልተው፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አድርቀው ከኮረሪማ ጋር ይጨምሩ፤ ጨው የለም፣ የተዘጋጀ በርበሬ የለም። ወፍጮ ቤት ከወሰዱት ከሌላ ሰው ሽሮ ወይም በርበሬ ቀጥሎ እንዳይፈጭ ይንገሩ፤ ትንሽ ስለሆነ በቤት መፍጫ ቢሆን ይሻላል። ዕቃው ላይ የልጁን ስም ይጻፉ፣ ካልሆነ ቤት ያለ ሰው አሳዝኖት "ጣዕም የለውም" ብሎ ያስተካክልልዎታል።

እንጀራ ጨው ስለማይገባበት ችግር የለውም። የዳቦ ቤት ዳቦ ግን ጨው አለው፤ ቤት ይጋግሩ። የታሸገ ቺፕስ፣ ጨዋማ ብስኩት፣ ወጥ ውስጥ የሚጨመር የሾርባ ኩብ አይቅረብ። የተነጠረ ቅቤ ከገበያ ከተገዛ ጨው ይኖረው እንደሆነ ይጠይቁ። የልጄን አፍ የመለሰው ሎሚ ነው፦ የተቀቀለ ድንች ላይ፣ እንቁላል ላይ፣ ጎመን ላይ ጠብ ጠብ ማድረግ። ሳህኑ ትንሽ፣ የሚቀርበው ቶሎ ቶሎ ይሁን። እናቴን ደግሞ አትውቀሱብኝ፤ ጨው የሌለውን ሽሮ በኋላ የፈጨችው ራሷ ናት፣ እስከ ዛሬም የምትፈጨው እሷ ናት።

6. ልጁ

መርፌ ሲመጣ "አያምም" አይበሉ። ያማል። ለልጄ "ያማል፣ እስከ አሥር ስንቆጥር ያልቃል፣ እጅሽን እኔ ነኝ የምይዘው" እላት ነበር፤ አንዳንዴ ሰባት ላይ ያልቃል፣ የቀረውን ሦስት እየሳቀች ትቆጥረዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ዋሸኋት፣ "ዛሬ መርፌ የለም" ብዬ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ነጭ ጋዋን ባየች ቁጥር ፊቴን ትመለከት ነበር።

"ካልበላሽ ዶክተሩ ይወጋሻል" የሚል ጠያቂ ሲመጣ በትሕትና ያስቁሙ። ሽማግሌም ቢሆኑ። "ጋሼ፣ ዶክተሩ ጓደኛዋ ነው" ማለት ይበቃል።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የዚህ በሽታ ዋና ክኒን መራራ ነው። እኛ በሁለት ማንኪያ መሃል አድቅቀን በትንሽ ማር ለውሰን ጠዋት ከቁርስ በኋላ እንሰጣት ነበር። ሌላ መድኃኒት ሲሆን ግን ከማድቀቅዎ በፊት ፋርማሲስቱን ይጠይቁ፣ መድቀቅ የሌለበት ክኒን አለ። ከወሰደች በኋላ ካስመለሳት መቼ እንደሆነ ይጻፉ፤ ይደገም አይደገም የሚለውን ነርሷ ትወስናለች።

መጫወቻ ብዙ አያስፈልግም። የመድኃኒት ካርቶን ቤት ይሆናል፣ የሲሪንጅ ክዳን ሰው ይሆናል፣ የግሉኮስ ላስቲክ መንገድ ይሆናል። በልጄ አልጋ ላይ ከደሴ እስከ ሐይቅ የሚደርስ መንገድ ነበር፤ አይሱዙው የፔኒሲሊን ሣጥን ነው። ቤት የቀረውን ታላቅ ወንድሟንም አትርሱት። በስልክ ያገናኙት፣ ምን እንደያዛት ይንገሩት፤ ልጅ ካልነገሩት ከእውነቱ የባሰ ነገር ፈጥሮ ይፈራል። የእኛው "እኔ ስለመታኋት ነው ያበጠችው" ብሎ ለአያቱ ነግሯት ተገኘ።

7. ጠያቂ፣ ጸሎትና ገንዘብ

ወሎ ሰው ሲታመም ሰፈር ይነቀላል። ደግ ነው፣ ነገር ግን በአንድ ጠዋት አሥራ አራት ሰው አልጋዋን ከቦ ያየሁበት ቀን አለ። ይህ በሽታ የያዘው ልጅ፣ በተለይ ፕሬድኒሶሎን ሲወስድ፣ ኢንፌክሽን የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል። ስለዚህ የሚያስነጥስ፣ የሚያስል፣ ቤቱ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የያዘው ልጅ ያለ ሰው አልጋው ዘንድ አይደርስም። ከልካዩ አስታማሚው አይሁን፤ ሦስተኛው ሰው፣ ያ ስልክ የሚመልሰው፣ በሩ ላይ ይቀበላቸው፣ ከውጭ ያጫውታቸው፣ ያመጡትን ይቀበል። "ሐኪሙ ከልክሏል" ይበል። ሐኪሙ ቅር አይለውም።

ብርቱካን የሚያመጣው፣ ጭማቂ የሚያመጣው ይበዛል። መጠጥ ለተለካለት ልጅ አንድ ጠርሙስ ጭማቂ የግማሽ ቀን ድርሻው ሊሆን ይችላል። "ምን ላምጣ?" ብሎ ለሚጠይቅ መልስ አዘጋጅተው ይጠብቁ፦ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ ለአስታማሚው እራት፣ አንድ ሌሊት ተረኝነት።

የእናቴ ወገን ዱዓ ይዞ ይመጣል፣ የባለቤቴ ወገን ጸበል። ሁለቱንም ተቀብለናል። ጸበሉም ዘምዘሙም ግን ውኃ ነው፤ በኩባያ ተለክቶ "የጠጣችው" በሚለው ዓምድ ይጻፋል። ቄሱም ሸኹም ሲነገራቸው አልተከፉም፤ አንደኛው እንዲያውም ማንኪያ አምጡ ብለው በማንኪያ ሰጧት። መድኃኒት አቁሙና ሂዱ የሚል ሰው ከመጣ ግን ምስጋና አቅርበው ይሸኙት። ይህ በሽታ ያለ መድኃኒት ሲቆይ ልጅ ይገድላል።

ገንዘብን በተመለከተ፦ ሆስፒታሉ ውስጥ "የለም" የተባለ መድኃኒት ከውጭ ሲገዙ ሁለት ቦታ ዋጋ ይጠይቁ፣ ማዘዣውንና ደረሰኙን አብረው ይያዙ፣ የጤና መድን ክፍሉን ይመለስ እንደሆነ ይጠይቁ። መድን የሌለውና አቅም ያጣ ቤተሰብ ከቀበሌው የማስረጃ ደብዳቤ አጽፎ የሆስፒታሉን ማኅበራዊ አገልግሎት ያነጋግር፤ መጨረሻው ቀን ላይ ሳይሆን በገቡ በሁለተኛው ቀን። ዕቁብ ካለዎት ዳኛውን "ዕጣውን አስቀድሙልኝ" ይበሉት፣ ለታመመ ሰው ይደረጋል። ቅሬ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ብዙውን ጊዜ ለቀብር ነው የተቋቋመው፤ ቢሆንም ይጠይቁ፣ ለሕመም የሚያበድር ቅሬ አለ። የእኛ ቅሬ ገንዘብ አልነበረውም። ሰው ነበረው፦ ሁለት ሰው በየተራ ሱቄን ከፈቱልኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ያ ነው ያቆመን።

8. አዲስ አበባ ከተባሉ

400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሌሊት ተነሥቶ ለመሮጥ አይቸኩሉ። ሪፈር የሚጻፈው ሆስፒታሎችን በሚያገናኘው በሊያዞን ክፍል በኩል ነው፤ ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ መኖሩን አረጋግጦ መቀበሉን ሳይሰሙ አይነሡ። የደብተሩን፣ የላቦራቶሪና የራጅ ውጤቱን ቅጂ ይያዙ፣ በመንገድ ላይ የሚሰጠውን መድኃኒት ከነሰዓቱ ያስጽፉ። ካንሰር ከሆነ ተስፋ አዲስና ማቲዎስ ወንዱ የተባሉት ድርጅቶች ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕፃናት ድጋፍ ያደርጋሉ፤ የልብ ከሆነ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል አለ። ከመሄድዎ በፊት ለደሴው ሐኪም "ከዚያ ስንመለስ ክትትሉ የት ነው?" ይበሉት።

9. ቤት ሲመለሱ

መውጫ ወረቀቱን ሳያነብቡ አይውጡ፦ የበሽታው ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ ስንት ቀን፣ ቀጠሮ። የክፍሉን ስልክ ቁጥር ይለምኑ።

ፕሬድኒሶሎን በድንገት አይቆምም። መጀመሪያ በየቀኑ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ቀጥሎ አንድ ቀን እየተዘለለ ነው የሚሰጠው፤ መጠኑንም ሆነ ማብቂያውን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹ ክኒኖች ከማለቃቸው አንድ ሳምንት በፊት ይግዙ፣ ከኮምቦልቻ መድኃኒት ቤቶች የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ክትባት ሲመጣ መድኃኒቱን ትወስድ እንደነበር ለጤና ባለሙያው ይንገሩ፤ አንዳንዱ ክትባት ለጊዜው ይዘገያል።

ጎረቤት ደጃፉ ላይ ቆሞ "ማሻ አላህ፣ ወፈረችልን!" ይላል። ጉንጯ ክብ የሆነው፣ ቀኑን ሙሉ ራበኝ የምትለውም በመድኃኒቱ ነው፤ መጠኑ ሲቀንስ ይመለሳል። ፊቷ ከበበ ተብሎ ግን ክኒን አይቋረጥም።

የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት ነክረው ቀለሙን ከጠርሙሱ ጋር ያነጻጽሩ፣ ውጤቱን ይጻፉ። ለሦስት ቀን በተከታታይ ሦስት ፕላስና ከዚያ በላይ ካሳየ በሽታው ተመልሷል ማለት ነውና ዓይኗ እስኪያብጥ አይጠብቁ። መመለሱ አያስደንግጥዎ፤ አብዛኞቹ ልጆች ቢያንስ አንድ ጊዜ ይመለስባቸዋል፣ የእኛዋም ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል። ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የሽንት መቀነስ፣ የእግር በአንድ በኩል ብቻ ማበጥ፣ የመተንፈስ ችግር ካለ ግን ቀጠሮም ስትሪፕም የለም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ደብተሩን አይጣሉ። እያንዳንዱ አዲስ ሐኪም ከካርዱ በፊት እሱን ነው የሚጠይቀኝ። የእኛ አሁን ሦስተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ደብተር የአሥራ አንደኛው ቀን ገጽ ላይ የሽሮ ጠብታ አለ፣ ቢጫ፣ ከዳር ዳሩ በርበሬ ያለው።